አላሞቅ ያለው የጋዝ ምድጃ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ። በዛሬው ተረቴ ላምም የለ፣ በረትም የለ። ያለው ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ቤት ነው፤ በቤቱ ውስጥ አንዲት አራስ፣ በአራሷ ደረት ላይ አንድ ሕፃን፣ ከሕፃኑ ጉልበት በታች ደግሞ ሁለት ቀዝቃዛ እግሮች። ሕፃኑ ከዚህ ዓለም የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እግሩ እንዲሞቅለት። ይቺን የምታህል ነገር ለመስጠት ስንት ሰው፣ ስንት ዕቃና ስንት ኩርፊያ እንደሚያልፍ ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ።

ሕፃኑ ቀኑ ሳይሞላ ቸኩሎ የመጣ ነው። ከጤና ጣቢያ ሲወጡ ነርሷ ለእናቱ ለወይንሸት ደጋግማ ነገረቻት። «ክብደቱ እስኪሞላ ብርድ እንዳይነካው። ከቀዘቀዘ አይጠባም፤ ካልጠባ አይፋፋም። ክፍሉ ይሙቅለት።» ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ወሩ ኅዳር ነው፤ የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ የማያውቅ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። አባትየው ንጋቱ ይህን አስቦ፣ ገና ሚስቱ ነፍሰ ጡር ሳለች ሳሎኑ ውስጥ የጋዝ ምድጃ አስገጥሟል። ሲሊንደሩ ውጭ፣ ከግድግዳው ጥግ ይቆማል። ከሲሊንደሩ ጎማ ይወጣል፤ ጎማው ግድግዳውን አልፎ ምድጃው ውስጥ ይገባል፤ ምድጃው ሰማያዊ እሳት ያነዳል፤ አራሷ ፊት ለፊቱ ተኝታ ትሞቃለች። ሐሳቡ እንዲህ ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ግን ምድጃው ብልጭ አለና ጠፋ። ንጋቱ ደገመው፤ አሁንም ብልጭ አለና ጠፋ። ሲሊንደሩን ለማየት ወደ ውጭ ሲወጣ የበሰበሰ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ አፍንጫውን መታው። እዚህ ላይ ንጋቱን ላመስግነው፤ ቶሎ ብሎ የሲሊንደሩን ቁልፍ ዘጋ፣ የጋዝ ባለሙያም ደውሎ ጠራ። ቀጥሎ ደግሞ ልውቀሰው፤ ባለሙያው እስኪመጣ መታገሥ አቅቶት፣ ጋዙ የሚሾልክበትን ቦታ ሊፈልግ ቁልፉን መልሶ ሊከፍት ሲል በሌላ እጁ ክብሪት ይዞ ነበር። ደግነቱ ባለሙያው ጋሽ ሽመክት በጓሮ በኩል ደረሰና ክብሪቱን ከእጁ ወሰደበት።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ» አለ ጋሽ ሽመክት ክብሪቱን ደረት ኪሱ ውስጥ እየከተተ። «አንተ ግን ምን ልትለቅም ነበር? ጣሪያህን?»

ንጋቱ አፍሮ ወደ ቤት ገባ፤ የገባውም በጓዳ በር ነው፣ ለምን በጓዳ እንደሆነ ትንሽ ቆይታችሁ ትሰማላችሁ። ምድጃው ፊት ተንበረከከና ለመነው። «ምድጃዬ፣ ይሄን ልጅ አሙቅልኝ፤ እግሩ ቀዝቅዞ አልተኛ ብሏል።» ምድጃውም፣ «በባዶ ሆዴ ምን ላሙቅ? ጋዙን ጠይቀው» አለው። ሕፃኑ አልተኛ አለ፣ ምድጃው አላሞቅ አለ፤ ንጋቱ ወደ ጋዙ ወጣ።

«ጋዝ ሆይ፣ ና ወደ ምድጃው፤ ምድጃው እንዲሞቅ፣ ልጁ እንዲተኛ።» ጋዙ ከሲሊንደሩ ውስጥ ሆኖ፣ «ቁልፉ ጥርቅም አድርጎ ዘግቶብኝ በየት በኩል ልምጣ?» አለ። ሕፃኑ አልተኛ አለ፣ ምድጃው አላሞቅ አለ፣ ጋዙ አልመጣ አለ፤ ንጋቱ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ። ቁልፉ ላይ ግን የጋሽ ሽመክት እጅ ቀድሞ አርፎበት ነበር።

ጋሽ ሽመክት ከቦርሳው የግፊት መለኪያ አወጣ። መለኪያዋ ክብ ናት፣ መስታወት አላት፣ ከመስታወቱ ሥር አንዲት ቀጭን መርፌ አለቻት። ጎማው ላይ ገጠማት። ከምድጃው በኩል ያለውን መክፈቻ ዘግቶ፣ የሲሊንደሩን ቁልፍ ለአፍታ ለቀቀና መልሶ ጠረቀመው። መርፌዋ ብድግ አለች። ከዚያ፣ ስታዩዋት የማትንቀሳቀስ እየመሰለች፣ ቀስ እያለች ወረደች።

«አየህ» አለ ጋሽ ሽመክት። «ሁለቱም ወገን ተዘግቶ መርፌዋ ከወረደች፣ ጋዙ በመንገድ ላይ የሆነ ቦታ እየሾለከ ነው። እሷ ባለችበት ቀጥ ካላለች ይቺን ቁልፍ አልከፍታትም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

«ጋሽ ሽመክት፣ ልጁ እኮ እየበረደው ነው» አለ ንጋቱ።

«ለእሱው ብዬ ነው።»

መርፌዋ ላይ ብንናደድ ምን ዋጋ አለው? ያየችውን ነው የተናገረች። ሕፃኑ አልተኛ አለ፣ ምድጃው አላሞቅ አለ፣ ጋዙ አልመጣ አለ፣ ቁልፉ አልከፈት አለ፣ መርፌዋ አልቆም አለች። ንጋቱ ጎንበስ ብሎ፣ «ምነው መርፌዬ፣ ምናለ ብትቆሚ?» ቢላት፣ «ሽንቁሩ ከሥር እየጎተተኝ እንዴት ልቁም? እሱን ፈልገህ ያዘው» አለችው። ስለዚህ ሽንቁሩን ፍለጋ ጎማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ዳበሰው።

ሽንቁር ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሲፈልጉት የለም፣ ሲተዉት አለ። ንጋቱ ጎማውን አገላበጠ፣ ጆሮውን ለጠፈ፣ ምንም። «የት ነህ?» ቢለው ሽንቁሩ ከተደበቀበት ሳቀ። «እኔ ያለ ሳሙና አረፋ ለማንም አልታይም» አለ። ጋሽ ሽመክትም ራሱን ነቀነቀ። «በዚህ እንኳ እውነቱን ነው። መገጣጠሚያውን ሁሉ በሳሙና አረፋ ትቀባዋለህ፤ ጋዝ በሚሾልክበት ቦታ ላይ አረፋው ኩፍ ይላል። ክብሪት ሳይሆን ሳሙና አምጣ።» ሕፃኑ አልተኛ አለ፣ ምድጃው አላሞቅ አለ፣ ጋዙ አልመጣ አለ፣ ቁልፉ አልከፈት አለ፣ መርፌዋ አልቆም አለች፣ ሽንቁሩ አልታይ አለ። ንጋቱ ጓዳ ገብቶ ሳሙና ይዞ ወጣ።

የልብስ ሳሙና ነው፣ ደረቅ፣ ከጥግ ጥግ የተሰነጠቀ። «አረፋ ስጠኝ» አለው። ሳሙናው ተቆጣ። «በደረቁ? ውሃ የት አለና?» እውነትም ውሃ አልነበረም። የቧንቧው ፈረቃ ገና ነው፤ በጀሪካን ተቀድቶ የነበረውም የሕፃኑን ጨርቅ ሲያጥቡበት አልቋል። ያን ያህል ትንሽ ልጅ ያን ያህል ጨርቅ እንዴት እንደሚያረጥብ እኔን አትጠይቁኝ። ሕፃኑ አልተኛ አለ፣ ምድጃው አላሞቅ አለ፣ ጋዙ አልመጣ አለ፣ ቁልፉ አልከፈት አለ፣ መርፌዋ አልቆም አለች፣ ሽንቁሩ አልታይ አለ፣ ሳሙናው አረፋ አልሰጥ አለ። ንጋቱ ጣሳ ይዞ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ጎረቤት ግቢ ዞረ።

ጎረቤታቸው እትዬ አሰገደች ትባላለች። ግቢዋ ውስጥ እስከ አፉ የሞላ በርሜል አላት፤ ከላይ ስስ በረዶ ጋግሮበታል። ንጋቱ ጣሳውን ሊነክር ሲል ውሃው፣ «ባለቤቴ ሳትቀዳኝ ንቅንቅ አልልም» አለ። እትዬ አሰገደችም ከበሯ ላይ እጇን አጣምራ ቆማ ነበር።

«እንዴት አደሩ እትዬ አሰገደች? አንድ ጣሳ ውሃ ፈልጌ ነበር።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ውሃ ፈለግህ? እኔ ደግሞ አንድ ሰው ፈልጌ ነበር» አለች። «ገንፎ አገንፍቼ፣ ቅቤውን አቅልጬ፣ ልጅቷን ልጠይቅ መጣሁ። አማትህ በሩን ሳይከፍቱ ‹ነፋስ ይገባል፣ ሌላ ቀን ነዪ› አሉኝ። ሌላ ቀን መጣሁ። ያንኑ አሉኝ። ገንፎዬ እጄ ላይ ደረቀ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ሳልላት የምን ጎረቤት ነኝ እኔ?»

«በጓዳ በር ቢገቡስ?» አለ ንጋቱ፤ እሱ ራሱ የሚገባና የሚወጣው በጓዳ ስለነበር ነገሩ ቀላል መስሎታል።

«በጓዳ? ድመት ነኝ? እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት በዋናው በር ነው የሚገባው። ውሃውን አልነፈግህም፤ ራሴ ተሸክሜ አመጣዋለሁ። ብቻ በሩ ይከፈትልኝ።»

እኔ እዚህ ላይ ማንን እንደምደግፍ አላውቅም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ጎረቤት በር ሲከፈትለት ነው። ሕፃኑ አልተኛ አለ፣ ምድጃው አላሞቅ አለ፣ ጋዙ አልመጣ አለ፣ ቁልፉ አልከፈት አለ፣ መርፌዋ አልቆም አለች፣ ሽንቁሩ አልታይ አለ፣ ሳሙናው አረፋ አልሰጥ አለ፣ ውሃው ከበርሜል አልወጣ አለ፣ እትዬ አሰገደች አልቀዳ አለች። ንጋቱ ባዶ ጣሳውን ይዞ ተመለሰና አማቱ ፊት ቆመ።

አማቱ እማማ ይርገዱ ናቸው፣ የወይንሸት እናት። ልጃቸው ከወለደች ወዲህ ቤቱን ሲጠብቁ ጎናቸውን አላሳረፉም። ዋናውን በር ዘግተውታል፤ የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ወትፈውታል፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። በአገራችን ነፋስን የማይጠረጥር የለም። ሚኒባስ ውስጥ በሐሩር ፀሐይ መስኮት የከፈተ ሰው ስንት ግልምጫ እንደሚጠጣ ታውቃላችሁ። እማማ ይርገዱ ግን ከሁሉም ይብሳሉ።

«እማማ፣ በሩን ለአፍታ ብንከፍተው» አለ ንጋቱ በለሆሳስ። «እትዬ አሰገደች ውሃ ይዘው ሊገቡ ነበር።»

«አትሰማውም?» አሉ እማማ። በበሩ ሥር ነፋሱ ያፏጫል። «እዚያው ቆሞ እየጠበቀ ነው። በሩን ልክፈትና ላስገባው? የመጀመሪያ ልጄን ብርድ ነው የወሰደብኝ፣ ንጋቱ። ይሄኛውን አልሰጠውም።»

ንጋቱ አዘነላቸው። ሕፃኑ አልተኛ አለ፣ ምድጃው አላሞቅ አለ፣ ጋዙ አልመጣ አለ፣ ቁልፉ አልከፈት አለ፣ መርፌዋ አልቆም አለች፣ ሽንቁሩ አልታይ አለ፣ ሳሙናው አረፋ አልሰጥ አለ፣ ውሃው ከበርሜል አልወጣ አለ፣ እትዬ አሰገደች አልቀዳ አለች፣ እማማ ይርገዱ በር አልከፍት አሉ። ንጋቱ በጓዳ ወጥቶ ቤቱን ዞረና ነፋሱን ከፊት ለፊት ሊያነጋግረው ሄደ።

ነፋሱ በረንዳው ላይ ተጋድሞ በበሩ ሥር አፍንጫውን እያስገባ ነበር። ከጣርማ በር ተራራ ድረስ የመጣ ነፋስ ነው፤ ኩሩ ነው፣ ሰው ቢለምነው ደስ ይለዋል። ንጋቱም ለመነው። «እባክህ ከደጃፋችን ተነሣልን። በር ይከፈት፣ ጎረቤት ትግባ።»

«እኔ እዚህ መቆም ወድጄ መሰለህ?» አለ ነፋሱ። «የራሴ መንገድ ነበረኝ። ምድጃውን ስታስገጥም ከጎኑ፣ ከግድግዳው ላይ፣ የአየር ቀዳዳ ተበጅታልኝ ነበር። በወንፊቷ ተጣርቼ በቀስታ እገባለሁ፤ እሳቱ የሚተነፍሰውን እሰጠዋለሁ፤ ማንንም ሳልነካ እወጣለሁ። አሁን ጨርቅ ጠቀጠቃችሁባት። መንገዴን ዘግታችሁ ደጅ ቆመ ትሉኛላችሁ። ቀዳዳዬ ካልተከፈተች አልነሣም።»

ሕፃኑ አልተኛ አለ፣ ምድጃው አላሞቅ አለ፣ ጋዙ አልመጣ አለ፣ ቁልፉ አልከፈት አለ፣ መርፌዋ አልቆም አለች፣ ሽንቁሩ አልታይ አለ፣ ሳሙናው አረፋ አልሰጥ አለ፣ ውሃው ከበርሜል አልወጣ አለ፣ እትዬ አሰገደች አልቀዳ አለች፣ እማማ ይርገዱ በር አልከፍት አሉ፣ ነፋሱ ከደጃፍ አልነሣ አለ። ንጋቱ ተመልሶ ገባና በምድጃው ጎን ቀና ብሎ አየ። እውነትም ቀዳዳዋ ውስጥ የአሮጌ ጋቢ ቁራጭ፣ እንደ ቡሽ ተጠቅጥቆ ተቀምጧል።

«ውጣ» አለው ንጋቱ በሹክሹክታ።

«ያስገባኝ እጅ ያውጣኝ» አለ ጨርቁ።

ያስገባው እጅ ደግሞ የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ዓይኖቻቸው ከበርጩማው ላይ የንጋቱን ጀርባ እየወጉት ነበር። እናንተ ደፋሮች ከሆናችሁ፣ አማታችሁ በልጃቸው የአራስ ቤት ውስጥ የወተፉትን ጨርቅ አማች ሆናችሁ ንቀሉት። ንጋቱ አልቻለም። እጁን አነሣ፣ ራሱን ያከከ መሰለ፣ መልሶ አወረደው። ከዚያ ወደ ጋሽ ሽመክት ሮጠና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈለት።

«ጋሽ ሽመክት፣ ጨርቁ ካልወጣ ነፋሱ አይነሣ፤ ነፋሱ ካልተነሣ እማማ በር አይከፍቱ፤ በሩ ካልተከፈተ እትዬ አሰገደች አይቀዱ፤ ካልቀዱ ውሃው አይመጣ፤ ውሃው ካልመጣ ሳሙናው አያርፍ፣ ማለቴ አረፋ አይሰጥ፤ አረፋ ከሌለ ሽንቁሩ አይታይ፤ ሽንቁሩ ካልታየ መርፌዋ አትቆም፤ መርፌዋ ካልቆመች ቁልፉ አይከፈት፤ ቁልፉ ካልተከፈተ ጋዙ አይመጣ፤ ጋዙ ካልመጣ ምድጃው አያሞቅ፤ ምድጃው ካላሞቀ ልጄ አይተኛ።»

ጋሽ ሽመክት ፈገግ ብሎ ሲያዳምጥ ነበር። በመጨረሻ ግን ፈገግታው ጠፋ። «ቆይ፣ የምን ጨርቅ ነው?»

«የአየሯ ቀዳዳ ውስጥ ያለው።»

«የአየሯ ቀዳዳ ተወትፋለች?» አለ። «እንግዲያው ሽንቁሩ ቢገኝ እንኳ እሳት አላነድም።»

ጫማውን አውልቆ በጓዳ ገባ። ሳሎኑ ደፍ ላይ ሲደርስ ቆመና አንገቱን ሰበረ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አላት ወይንሸትን። ወደ እማማ ዞሮም፣ «እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለ።

«ጠይቅ፣ የኔ ልጅ። በሩን ክፈቱ እንዳትለኝ እንጂ።»

«ከሰል አቀጣጥለው፣ በርና መስኮት ዘግተው፣ ልጅ ያስተኛሉ?»

እማማ ይርገዱ ተቆጡ። «ምን ነካህ? ጠላቴንስ አስተኛለሁ? ከሰል በዝግ ቤት ስንቱን ጨርሶታል። እኔ እኮ ከሰል ውጭ ተቀጣጥሎ፣ ጢሱ ወጥቶለትም ቢሆን አጠገቤ አላሳድርም።»

«ይሄም ምድጃ ያው ነው፣ እማማ። ጢስ ስለሌለው ነው የማያስፈራው። አየር ካላገኘ የቤቱን አየር ነው የሚበላ። መጀመሪያ እሳቱ ይታፈናል፣ ቀጥሎ የትንሹ ልጅ ትንፋሽ። ያቺ ቀዳዳ የእሱ መተንፈሻ ናት። ነፋሱም ወደ አልጋው አይሄድም፤ እሳቱ ነው ስቦ የሚወስደው።»

እማማ ቀና ብለው ቀዳዳዋን አዩ፤ ምድጃውን አዩ፤ ሕፃኑን አዩ። ልጁን ከብርድ እጠብቃለሁ ብለው በገዛ እጃቸው ትንፋሹን ሊዘጉበት እንደነበር ሲገባቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። ወይንሸት ቀስ ብላ፣ «እማዬ» አለች። «እግሩ ቀዘቀዘብኝ። ጡቱንም መሳብ እየታከተው ነው።»

እማማ ይርገዱ ከበርጩማቸው ተነሡ። በርጩማውን በእግራቸው ወደ ግድግዳው ገፉና ወጡበት። ንጋቱ ሊደግፋቸው ቢጠጋ፣ «ተወኝ፣ እኔው ነኝ ያስገባሁት» አሉት። የጋቢውን ቁራጭ በሁለት ጣታቸው ያዙና ጎተቱት። አልወጣም። በሙሉ እጃቸው ያዙና ጎተቱት።

ያን ጊዜ ጨርቁ ወጣ። ጨርቁ ሲወጣ ነፋሱ መንገዱን አገኘና ከደጃፍ ተነሣ፤ በበሩ ሥር ያለው ፉጨት ቀጥ አለ። እማማ ከበርጩማው ወርደው እጃቸውን በአልጋውና በቀዳዳዋ መካከል አመላለሱ፤ አልጋው ላይ የሚነፍስ ነፋስ የለም። ከዚያ ወደ ዋናው በር ሄደው መቀርቀሪያውን አነሡ። እትዬ አሰገደች ባልዲ ሙሉ ውሃ ተሸክማ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ለስንት ጊዜ እንደቆመች አይታወቅም እንዳትሉኝ፤ ኩርፊያዋን ለንጋቱ ነግራ ከጨረሰች ጀምሮ ነው የቆመችው።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ የኔ ልጅ» አለቻት ወይንሸትን ከደፉ ላይ ሆና።

«አሜን፣ እትዬ አሰገደች። ይግቡ» አለች ወይንሸት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሰው ናፍቋት ነበር፣ ምስኪን።

«ይቅር በይኝ፣ አሰገደች» አሉ እማማ። «ፍርሃት ነው።»

«ምን ይቅርታ አለው? ደግ አደረጉ፣ ልጅ ነው እኮ። ይልቅ በሩን ልዝጋው፣ ይበርዳል» አለች ያቺው እትዬ አሰገደች፣ እንዲያ በሩ ይከፈትልኝ ስትል የነበረችው። በሩን ዘጋችው።

ባልዲው በጓዳ አልፎ ወጣ። ውሃው ሳሙናውን አራሰው፤ ሳሙናው አረፋውን ሰጠ። ጋሽ ሽመክት የሲሊንደሩን ቁልፍ ጥቂት ለቀቀና በአሮጌ ብሩሽ አረፋውን መገጣጠሚያውን ሁሉ ቀባው። ንጋቱ ትንፋሹን ይዞ አጎነበሰ። በምድጃው በኩል ምንም። በግድግዳው በኩል ምንም። ጎማው ከሲሊንደሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ግን አንድ አረፋ ብቅ አለ፣ አበጠ፣ ፈነዳ፤ በቦታውም ሌላ አበጠ። ሽንቁሩ ታየ።

«ይሄ ነው» አለ ጋሽ ሽመክት ቁልፉን መልሶ እየዘጋ። «የጎማውን ማሰሪያ ማን ነው ያጠበቀው?»

«እኔ ነኝ» አለ ንጋቱ። «ባለፈው ሲሊንደሩን ስንቀይር። ወይንሸት ምጥ ይዟት ነበር፤ ሮጥ ብዬ አሥሬው...»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለና ሳቀ ጋሽ ሽመክት። ማሰሪያውን ፈታ። የጎማው ጫፍ ተሰንጥቆ ነበር፤ የተሰነጠቀውን ቆርጦ ጣለ፣ አዲሱን ጫፍ እስከ መጨረሻው አስገባ፣ አዲስ ማሰሪያ አጠለቀና አጠበቀው። አረፋውን ደግሞ ቀባ። አረፋው ባለበት ዝም አለ።

አሁን የቀረችው መርፌዋ ናት። ጋዙን ለቀቀ፣ ዘጋ። መርፌዋ ብድግ አለች። ጋሽ ሽመክት እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ቆመ፤ ንጋቱ «ወረደች?» አለ፣ «ዝም በል» ተባለ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ ንጋቱ ግን ያን ዕለት እንቁላሉ ተምሮ፣ አድጎ፣ ልጆች እስኪያደርስ የጠበቀ መስሎታል። መርፌዋ አልወረደችም። ቆመች፤ ዝም ብላ፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ጋሽ ሽመክትም ከኪሱ ክብሪቱን አውጥቶ ለንጋቱ መለሰለት። «አሁን ሂድና ለኩስ» አለው።

ጨርቁ ወጣ፣ ነፋሱ ተነሣ፣ እማማ ይርገዱ በር ከፈቱ፣ እትዬ አሰገደች ውሃ ቀዳች፣ ውሃው ሳሙናውን አራሰ፣ ሳሙናው አረፋ ሰጠ፣ ሽንቁሩ ታየ፣ መርፌዋ ቆመች፣ ቁልፉ ተከፈተ፣ ጋዙ መጣ፣ ምድጃው ተለኮሰ። ብልጭ ብሎ አልጠፋም። ሰማያዊ ሆኖ ነደደ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ያለ ድምፅ። ንጋቱ ከምድጃው ፊት ሳይነሣ ቁጭ እንዳለ ቀረ።

ቤቱ ቀስ እያለ ሞቀ። የመስኮቱ መስታወት አላበው፤ እትዬ አሰገደች ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ አወረደች። ጋሽ ሽመክት ምድጃውን አንዴ፣ ቀዳዳዋን አንዴ እያየ ዕቃውን ሰበሰበ። ሕፃኑ መጀመሪያ ተንጠራራ። ቀጥሎ ጡቱን ይዞ ሳበ፤ አልታከተውም፣ ድምፁ እስኪሰማ ድረስ ሳበ። ወይንሸት በዚያ ድምፅ ሳቀች፤ ሳቋ ውስጥ ለቅሶ ነበረበት። ጠግቦ ሲጨርስ አፉን ከጡቱ ላይ አላቀቀና አንቀላፋ።

እማማ ይርገዱ ወደ አልጋው ጠጋ አሉ። እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አስገቡና የሕፃኑን እግር ፈልገው ያዙ። አንዱን ያዙ፣ ሌላውንም ያዙ፣ ለረጅም ጊዜ አለቀቁም።

«ሞቀ» አሉ።

ከዚያ ጋቢያቸውን ምንጣፉ ላይ ዘርግተው ከልጃቸው አልጋ ሥር ጎናቸውን አሳረፉ። በሩን ማን ይጠብቃል ብለው አልጠየቁም። እትዬ አሰገደች ትራስ ከራሳቸው ሥር ስታደርግላቸውም አልሰሟትም፤ ከሕፃኑ ቀጥለው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

የኔ ተረት እዚህ ላይ ተኛች፤ እናንተም ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ ሕፃኑን እንዳትቀሰቅሱት።